ዝምድና ከክብደት ሲጣላ

ኦክቶበር 1807፣ ለንደን። (በዚህ ትረካ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የ28 ዓመቱ ሃምፍሪ ዴቪ በሮያል ኢንስቲትዩሽን ቤተ ሙከራ ውስጥ ከእንጨት አመድ የሚገኘውን ፖታሽ ጥቂት አርጥቦ ከትልቅ ባትሪ የሚመጣ ኤሌክትሪክ ለቀቀበት። ፖታሹ መቅለጥ ጀመረ፤ ብር የመሰሉ ጥቃቅን እንክብሎችም ብቅ ብቅ አሉ። ገሚሶቹ ወዲያው ፈንድተው ነደዱ። ረዳቱ የነበረው ዘመዱ ኤድመንድ በኋላ እንደተረከው፣ ዴቪ በደስታ ክፍሉን እየዞረ ይዘል ነበር።

ያገኘውን ነገር ፖታሲየም አለው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግሞ ከኮስቲክ ሶዳ ሶዲየምን አወጣ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያያቸው ሰው መንታ ናቸው ቢል አይፈረድበትም። በቢላ ይቆረጣሉ፤ ውሃ ላይ ይንሳፈፋሉ፤ ውሃ ሲነካቸው እየተንጫጩ ይሯሯጣሉ፤ ትተውት የሚሄዱትም ቆዳ የሚያቃጥል አልካሊ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ብረት የሚባል ነገር እንዲህ ሲያደርግ ያየ አልነበረም።

ከዴቪ በፊት የነበረው ዋናው የንጥረ ነገሮች መዝገብ የፈረንሳዊው አንትዋን ላቯዚዬ ነው። በ1789 ባሳተመው መጽሐፍ 33 ንጥረ ነገሮችን ዘርዝሯል፤ ብርሃንና ሙቀት እንኳ አልቀሩበትም። በአራት ክፍልም ከፋፍሏቸዋል። ነገር ግን ክፍፍሉ ጋዙን ከጋዝ፣ ብረቱን ከብረት፣ አፈር መሰሉን ከአፈር መሰል የሚያስቀምጥ የመጋዘን አደረጃጀት ነበር። ማን የማን ዘመድ ነው የሚለው ጥያቄ ሰው እንቅልፍ የሚነሳው፣ እንደ ሶዲየምና ፖታሲየም በጠባይ የሚመሳሰሉ ነገሮች በእጅ ሲገቡ ነው።

እነሱም በተከታታይ ገቡ። በ1811 በርናር ኩርቷ የተባለ የባሩድ ጨው አምራች ከባሕር አረም አመድ ውስጥ ሐምራዊ ተን የሚያወጣ ነገር አገኘ፤ አዮዲን ተባለ። በ1817 ስዊድናዊው ዮሐን አውጉስት አርፍቬድሶን ከአንድ ማዕድን ውስጥ የሊቲየምን ምልክት አየ፤ ለሶዲየምና ለፖታሲየም ሦስተኛ ወንድም ተገኘ ማለት ነው። በ1826 ደግሞ በሞንፔሊየ ከተማ የሚኖረው ወጣቱ አንትዋን ባላር ከጨዋማ ውሃ ቀይ ቡናማ፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ፈሳሽ አወጣ። ይህ ብሮሚን ነው። ታላቁ ጀርመናዊ ኬሚስት ዩስቱስ ሊቢሽ ከባላር በፊት ይህን ፈሳሽ በጠርሙስ ይዞት ነበር ይባላል። ነገር ግን የክሎሪንና የአዮዲን ውህድ መስሎት ይህንኑ ጽፎ ለጠፈበትና መደርደሪያ ላይ አኖረው። እንደኔ ሊቢሽ ብዙ አልተሳሳተም። ብሮሚን በቀለሙም፣ በክብደቱም፣ በጠባዩም የክሎሪንና የአዮዲን መካከለኛ ነው። የሳተው፣ መካከለኛው ከሁለቱ የተቀላቀለ ሳይሆን ሦስተኛ ወንድም መሆኑን ነው።

ይህን በቁጥር ያየው የና በተባለች የጀርመን ከተማ ያስተምር የነበረው ዮሐን ቮልፍጋንግ ደበራይነር ነው። የሠረገላ ነጂ ልጅ ነው፤ ትምህርቱም በአብዛኛው ከመድኃኒት ቤት ሥራ የተለቀመ ነበር። ባለቅኔው ጎተ ወዳጁና ደጋፊው ነበር። ደበራይነር በ1829 ባወጣው ጽሑፍ የሦስት የሦስት ዘመዳሞች ስብስቦችን አሳየ። የክሎሪን የአቶም ክብደት 35.5፣ የአዮዲን 127 ቢሆን፣ ሁለቱ ተደምረው ለሁለት ሲካፈሉ 81 ይመጣል፤ ብሮሚን ደግሞ 80 ግድም ነው። የሊቲየም 7ና የፖታሲየም 39 መካከለኛ 23 ነው፤ ሶዲየም በትክክል 23 ነው። ካልሲየም፣ ስትሮንሺየምና ባሪየምም እንደዚሁ፤ ድኝ፣ ሴሌኒየምና ቴሉሪየምም እንደዚሁ።

ጠባይና ክብደት የሚተዋወቁ መሆናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እዚህ ላይ ነው። ነገር ግን ደበራይነር በሦስት ቁጥር ተወሰነ፤ በየቤቱ የቀሩት ዘመዶች ከደጅ ቀሩ፤ አንዱ ቤተሰብ ከሌላው ምን እንደሚያገናኘውም አልጠየቀም።

ለመጠየቅም ቢያምረው ሚዛኑ የሚታመን አልነበረም። በዚያ ዘመን ገሚሱ ኬሚስት የኦክስጅንን ክብደት 8፣ ገሚሱ 16 ይል ነበር፤ ካርቦንም አንዱ ጋ 6፣ ሌላው ጋ 12 ነው። ውሃ በአንድ ሃይድሮጅን ነው የሚሠራው ወይስ በሁለት? በዚህ እንኳ አልተስማሙም። አውጉስት ኬኩሌ በ1861 መጽሐፉ ለአሴቲክ አሲድ፣ ኮምጣጤን ኮምጣጤ ለሚያሰኘው ነገር ማለት ነው፣ በየሰዉ የተሰጡ 19 ዓይነት ቀመሮችን ደርድሯል። እንዲህ ባለ ገበያ ክብደትን አምኖ ዘመድ መቁጠር አይቻልም።

በሴፕቴምበር 1860 ወደ 140 የሚጠጉ ኬሚስቶች በጀርመን ካርልስሩኸ ተሰብስበው ሦስት ቀን ተከራከሩ። ተስማምተው አልተለያዩም። ነገር ግን ሲለያዩ አንድ ትንሽ ጽሑፍ በእጃቸው ገባች፤ ጣሊያናዊው ስታኒስላዎ ካኒዛሮ ከሁለት ዓመት በፊት የጻፋት ናት። ካኒዛሮ ግማሽ ምዕት ዓመት ተረስቶ የነበረውን የአቮጋድሮን ሐሳብ አንስቶ የአቶም ክብደት በአንድ መንገድ እንዴት እንደሚሰላ አሳየ። ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ ሎታር ማየር ጽሑፏን ሲያነብ ቅርፊት ከዓይኑ እንደወደቀለት ኋላ መስክሯል። ሌላው ተሰብሳቢ ከሩሲያ ለትምህርት የመጣው የ26 ዓመቱ ድሚትሪ ሜንዴሌቭ ነበር።

በዚያው ዓመት በሃይደልበርግ ሮበርት ቡንዘንና ጉስታቭ ኪርኾፍ ነበልባልን በስፔክትሮስኮፕ፣ ብርሃንን በየቀለሙ መስመር በሚለይ መሣሪያ፣ እያዩ ሴሲየምን አገኙ፤ በቀጣዩ ዓመት ሩቢዲየምን። ሁለቱም የሶዲየም ወገን ናቸው። የአልካሊዎቹ ቤት አምስት ሞላ።

ሚዛኑ ከተስተካከለ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ፈረንሳዊው የሥነ ምድር ሊቅ ደ ሻንኩርትዋ በ1862 ንጥረ ነገሮችን በክብደታቸው ተራ በሲሊንደር ዙሪያ እንደ ብሎን ጥርስ ጠመዘዛቸው፤ ዘመዳሞቹ አንዱ ከሌላው በላይ መጡ። ነገር ግን ጽሑፉን ያተመው መጽሔት ሥዕሉን ስላላወጣው ያነበበው ሁሉ ግራ ገባው። ለንደን ውስጥ ደግሞ ጆን ኒውላንድስ ነበር። እናቱ ከጣሊያን ወገን ናት፤ በካርልስሩኸው ጉባኤ ዓመት እሱ ከጋሪባልዲ ጋር ለጣሊያን ለመዋጋት ዘምቶ ነበር። ኒውላንድስ በክብደት ተራ ሲደረድራቸው በየስምንተኛው ተመሳሳይ እንደሚመጣ አይቶ ከሙዚቃ ድምፆች ጋር አመሳሰለው። በማርች 1866 ይህን ለለንደን ኬሚካል ሶሳይቲ ሲያቀርብ ፕሮፌሰር ኬሪ ፎስተር፣ በፊደል ተራስ ደርድረህ ሞክረሃል ወይ ብሎ ጠየቀው። ቀልዱ ለብዙ ዘመን ሲጠቀስ ኖሯል፤ ፎስተርንም የሚያስታውሰው አብዛኛው ሰው በዚህ ነው። እውነቱን ለመናገር ኒውላንድስ ራሱ መሣቂያ የሚያደርግ ነገር ነበረበት፦ ለማይታወቁት ቦታ አልተወም፤ ስለዚህም ብረትን ከኦክስጅንና ከድኝ ጋር አንድ ቤት አስገብቷል። ክብደትን ብቻ አምኖ ዝምድናን ሲረግጥ የሚመጣው ይህ ነው።

ሜንዴሌቭ በተቃራኒው ነው የመጣው።

በ1834 በሳይቤሪያዋ ቶቦልስክ ተወለደ፤ የብዙ ልጆች መጨረሻ ነው። በተወለደበት ዓመት አባቱ ታወረ፤ እናቱ ማሪያ የብርጭቆ ፋብሪካ እያስተዳደረች ቤቱን ያዘች። አባቱ ሞተ፤ ፋብሪካው በ1848 ተቃጠለ። ማሪያ ልጇን ይዛ ያን ሁሉ አገር አቋርጣ መጀመሪያ ሞስኮ፣ ከዚያ ሴንት ፒተርስበርግ ወሰደችው። በ1850 በመምህራን ኢንስቲትዩት ካስገባችው በኋላ ብዙም ሳትቆይ በዚያው ዓመት አረፈች።

በ1867 በሴንት ፒተርስበርግ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሲሆን ለተማሪዎቹ የሚሆን የሩሲያኛ መጽሐፍ አጣና ራሱ መጻፍ ያዘ። የመጀመሪያው ጥራዝ በሃሎጅኖች አለቀ፤ እነ ክሎሪን ናቸው። ሁለተኛው በአልካሊዎቹ ጀመረ፤ እነ ሶዲየም። ከዚያስ ማን ይከተል? ጥያቄው የመጽሐፍ ጸሐፊ ጥያቄ ነው፤ የምዕራፍ ቅደም ተከተል ጉዳይ። ታሪኩ የተከፈተውም በዚህች በር ነው።

ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1869 በሩሲያ የቀድሞ አቆጣጠር (በምዕራቡ ማርች 1) ሜንዴሌቭ የአይብ ማምረቻዎችን ለመጎብኘት ወደ ገጠር ሊሄድ ተዘጋጅቷል። ስለዚሁ ጉዞ በደረሰው ደብዳቤ ጀርባ ላይ ቁጥር መጻፍ ጀመረ። ደብዳቤው እስካሁን አለ። ከዚያም በሌላ ወረቀት ላይ ቤተሰብን ከቤተሰብ በታች አሰለፈ። ሃሎጅኖቹ፦ ፍሎሪን 19፣ ክሎሪን 35.5፣ ብሮሚን 80፣ አዮዲን 127። አልካሊዎቹ፦ ሶዲየም 23፣ ፖታሲየም 39፣ ሩቢዲየም 85.4፣ ሴሲየም 133። ከእነሱ ቀጥሎ የካልሲየም ወገን፦ ካልሲየም 40፣ ስትሮንሺየም 87.6፣ ባሪየም 137። እያንዳንዱ አልካሊ ከሃሎጅኑ የሚበልጠው ከ3.5 እስከ 6 በሚሆን ትንሽ ልዩነት ነው። በጠባይ የማይገናኙ፣ አንዱ የብረቶች አንዱ ብረት ያልሆኑ ነገሮች የሆኑ ቤቶች፣ በክብደት ግን ጎረቤታሞች ሆነው ተገኙ። ኒውላንድስ ሰልፉን ሠርቶ ቤተሰብ ፈለገ፤ ሜንዴሌቭ ቤተሰቦቹን ይዞ ሰልፉ ከመካከላቸው ወጣለት። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ትልቅም ነው።

ሰንጠረዡን በሕልሙ አየው የሚል ወሬ አለ። ወሬው የመጣው ከሌላ ሰው አፍ ነው። እኔ የምተማመነው በተረፉት ወረቀቶች ነው፤ እነሱ ደግሞ ስርዝ ድልዝ የሞላባቸው ናቸው። እንዲህ የሚሰርዝ ሰው ነቅቶ ነበር።

ሰንጠረዡን አሳትሞ ለኬሚስቶች ላከና ወደ አይቡ ሄደ። ለሩሲያ ኬሚካል ማኅበር ያነበበለት ባልደረባው ሜንሹትኪን ነው። ያኔ የታወቁት ንጥረ ነገሮች 63 ነበሩ። ሎታር ማየርም በበኩሉ ተመሳሳይ ነገር ሠርቶ በ1870 ድንቅ ግራፍ አውጥቷል፤ የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ በ1882 ሜዳሊያውን ለሁለቱ ያካፈለው በከንቱ አይደለም። ነገር ግን ማየር ጥንቁቅ ሰው ነበር። ሜንዴሌቭ ክብደቱ ከዝምድናው ጋር ሲጣላ ክብደቱ ተሳስቷል ለማለት ደፈረ።

ቤሪሊየም 14 ይባል ነበር፤ የአሉሚኒየም ዘመድ ስለመሰላቸው። የለም፣ የማግኒዚየም ዘመድ ነው፣ ክብደቱም 9 ግድም ነው አለ። ዩራኒየምን ከ120 ወደ 240 አሳደገው። ሁለቱንም ጊዜ አጸደቀለት። ቴሉሪየም 128፣ አዮዲን 127 ነበር፤ በክብደት ተራ ቢሄድ አዮዲን ከድኝ ቤት፣ ቴሉሪየም ከሃሎጅኖች ቤት ሊገባ ነው። አዮዲንን ከክሎሪን መለየት እንዴት ይሆናል? ቦታቸውን አለዋወጠና ቴሉሪየምን የመዘኑት ተሳስተዋል አለ። እዚህ ላይ መዛኞቹ አልተሳሳቱም። ቴሉሪየም ዛሬም 127.6 ነው። ሜንዴሌቭ በተሳሳተ ምክንያት ትክክለኛውን ቦታ ሰጠ፤ ምክንያቱ እስኪታወቅ ከ40 ዓመት በላይ ቆየ።

ባዶ ቦታም ተወ። በ1871 በዝርዝር ከተነበያቸው ሦስቱ ዝነኞች ናቸው። ከአሉሚኒየም በታች ክብደቱ 68፣ እፍጋቱ 5.9 የሆነ፣ በቀላሉ የሚቀልጥ ብረት ይኖራል፤ የሚገኘውም በስፔክትሮስኮፕ ይሆናል አለ። በኦገስት 1875 ፈረንሳዊው ለኮክ ደ ብዋቦድራን ከፒሬኔ ተራሮች በመጣ የዚንክ ማዕድን ውስጥ በስፔክትሮስኮፕ አዲስ መስመር አይቶ ጋሊየም አለው። እፍጋቱን ሲለካ 4.7 አገኘ። ሜንዴሌቭ፣ ንጥረ ነገሩን በዓይኑ ሳያይ፣ ልኬትህ ልክ አይደለም፣ አጥርተህ ለካው፣ ወደ 5.9 ይመጣል ብሎ ጻፈ። ድፍረቱ አይጣል ነው። ብዋቦድራን አጥርቶ ለካው፤ 5.9 ሆነ። ጋሊየም በ30 ዲግሪ ግድም ስለሚቀልጥ በእጅ መዳፍ ላይ ይፈሳል።

በ1879 በስዊድን ኒልሶን ስካንዲየምን አገኘ፤ ሁለተኛው ትንቢት ነው። በ1886 በጀርመን ፍራይበርግ ክሌመንስ ቪንክለር አርጂሮዳይት ከተባለ ማዕድን ጀርማኒየምን አወጣ። የተተነበየው ክብደት 72 ነበር፤ የተገኘው 72.3። የተተነበየው እፍጋት 5.5፤ የተገኘው 5.47። ከዚህ በኋላ በሰንጠረዡ ላይ የሚያሾፍ አልተገኘም።

የሚቀጥለው ፈተና ሜንዴሌቭ ጭራሽ ቦታ ካልተወለት ቤተሰብ መጣ። ሎርድ ሬይሊ ከአየር የሚገኘው ናይትሮጅን ከውህድ ከሚወጣው ናይትሮጅን በግማሽ በመቶ ያህል እንደሚከብድ አስተዋለ። ዊልያም ራምሴይ ነገሩን ተከታተለና በ1894 ሁለቱ ከምንም ጋር የማይዋሃድ ጋዝ አየር ውስጥ መኖሩን አስታወቁ፤ አርጎን ተባለ። ሄንሪ ካቨንዲሽ በ1785 ናይትሮጅንን አጥፍቶ ሲጨርስ አንዲት አረፋ ቀርታው ነበር፤ ማን እንደሆነች ሳይታወቅ መቶ ዓመት አለፈ። በ1895 ራምሴይ ሄሊየምን ከዩራኒየም ማዕድን አገኘ፤ በ1898 ከሞሪስ ትራቨርስ ጋር ኒዮንን፣ ክሪፕቶንንና ዜኖንን። በጥቂት ዓመት አንድ ሙሉ ቤት ተሠራ።

ሜንዴሌቭ አልወደደውም። አርጎን ሦስት የናይትሮጅን አቶሞች የተጣመሩበት ይሆናል ብሎ ተከራከረ። የአርጎን ክብደት 39.9፣ የፖታሲየም 39.1 ነው፤ ያው የቴሉሪየም ጠብ ተመለሰ። ዘመዶቹ ሲበዙ ግን እጁን ሰጠ፤ ለአዲሱ ቤተሰብም ዜሮ የተባለ ምድብ ተከፈተ። ይህ ሰው በእርጅናው ኤሌክትሮንን አልተቀበለም፤ ከሃይድሮጅን የሚቀልሉ ንጥረ ነገሮችም አሉ ብሎ ተንብዮ ስቷል። የ1906 የኖቤል ሽልማት ፍሎሪንን ለለየው ለሞዋሳን ተሰጠ፤ ሜንዴሌቭ ለጥቂት ቀረበት፤ በፌብሩዋሪ 1907 ሞተ።

ጠቡን ያስታረቀው ሄንሪ ሞዝሊ ነው። በ1913 በማንቸስተር፣ ቀጥሎም በኦክስፎርድ፣ በየንጥረ ነገሩ ላይ የኤሌክትሮን ጨረር እየተኮሰ የሚወጣውን ኤክስሬይ ለካ። የድግግሞሹ ካሬ ሥር ከንጥረ ነገር ወደ ንጥረ ነገር በእኩል እርምጃ ይጨምራል፤ ተራውን የሚወስነው ክብደት ሳይሆን በአስኳሉ ውስጥ ያለው ፖዘቲቭ ቻርጅ ነው ማለት ነው። በዚህ ቁጥር ቴሉሪየም 52፣ አዮዲን 53፤ አርጎን 18፣ ፖታሲየም 19። የሜንዴሌቭ ልውውጥ ከነምክንያቱ ጸደቀ። እስከ ወርቅ ባለው ሰልፍ ውስጥ 43፣ 61፣ 72ና 75 ቁጥር ባዶ መሆናቸውም ተገለጠ። ሞዝሊ ግን የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ዘመተ። ኦገስት 10 ቀን 1915 በጋሊፖሊ በ27 ዓመቱ በጥይት ወደቀ።

ዝምድናው ራሱ ከየት እንደሚመጣ የታወቀው ከኒልስ ቦር ጀምሮ በመጡት ሰዎች ነው። ኤሌክትሮኖች በአስኳሉ ዙሪያ በደረጃ ይቀመጣሉ፤ ጠባይን የሚወስኑት የውጭዎቹ ናቸው። ሊቲየም፣ ሶዲየም፣ ፖታሲየም ውጭ ላይ አንድ አንድ አላቸው፤ ለመስጠት ይቸኩላሉ። ሃሎጅኖች ሰባት ሰባት አላቸው፤ አንድ ጎድሏቸው ይንጠቃሉ። ገበታ ላይ ያለው ጨው የዚህ ሰጪና የዚያ ነጣቂ ውጤት ነው። የነአርጎን ቤት ሙሉ ነው፤ ከሌሎች ጋር እምብዛም የማይጋቡትም ለዚህ ነው።

ቦር በዚህ ተነሥቶ 72 ቁጥር የዚርኮኒየም ዘመድ እንጂ ከብርቅዬ አፈር ብረቶች ወገን አይደለም አለ። ፈረንሳዊው ዩርባን ደግሞ ከእነዚያው መካከል አግኝቼዋለሁ ባይ ነበር። ኮስተርና ሄቨሺ ኮፐንሃገን ውስጥ በዚርኮኒየም ማዕድን ውስጥ ፈልገው አገኙት፤ ወሬው የደረሰው ቦር በዲሴምበር 1922 የኖቤል ንግግሩን በሚያቀርብበት ሰሞን ነው። ሃፍኒየም ነው። በ1939 ፓሪስ ውስጥ፣ በኩሪ ቤተ ሙከራ ረዳትነት የጀመረችው ማርግሪት ፔሬ የአልካሊዎቹን የመጨረሻ ታናሽ ፍራንሲየምን አገኘች፤ ዕድሜው በደቂቃ የሚቆጠር ነው።

በሰንጠረዡ ላይ የመጨረሻው ትልቅ ቤት ማፍረስ የግሌን ሲቦርግ ነው። እስከ 1944 ድረስ ዩራኒየም ከተንግስተን በታች ይቀመጥ ነበር። 95ና 96ን ሲፈልግ በዚያ ዝምድና ተመርቶ ባዶ እጁን ቀረ። ከአክቲኒየም ጀምሮ ያሉት የራሳቸው ቤት ናቸው፣ ከታች ለብቻቸው ይውረዱ ሲል፣ ስምህን ታጠፋለህ ያሉት ነበሩ። እሱም ያኔ የሚጠፋ ስም አልነበረኝም እያለ ሲቀልድ ኖሯል። ፍለጋውን በአዲሱ ዝምድና ቢመራው ኩሪየምና አሜሪሲየም ተገኙ። በ1988 ዓለም አቀፉ የኬሚስቶች ማኅበር ምድቦቹን ከ1 እስከ 18 ቆጥሮ የአውሮፓንና የአሜሪካን የቁጥር ክርክር ዘጋ፤ በ2016 የ113፣ 115፣ 117ና 118 ስሞች ጸድቀው ሰባተኛው ረድፍ ሞላ።

መሙላቱ ግን ዝምድናውን አላረጋገጠም። አስኳሉ እየከበደ ሲሄድ ኤሌክትሮኖቹ ወደ ብርሃን ፍጥነት ይጠጋሉ፤ ያኔ የቤተሰቡ ጠባይ ሊዛነፍ ይችላል። በሩሲያዋ ዱብና የስዊስ ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን ይህን በ112፣ ዛሬ ኮፐርኒሲየም በሚባለው ላይ ሞከረ። በወርቅ የተለበጠና ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየቀዘቀዘ የሚሄድ ቀጭን መተላለፊያ አዘጋጁ። የሜርኩሪ ዘመድ ከሆነ ወርቁን ይይዛል፤ እንደ ራዶን ያለ ቸልተኛ ጋዝ ከሆነ ተንሸራቶ ቀዝቃዛው ጫፍ ይደርሳል። በ2007 ባወጡት ጽሑፍ የነበሯቸው አቶሞች ሁለት ብቻ ናቸው። ሁለቱም ወርቁን ያዙ። በ118 ላይ ግን እንዲህ ያለ ፈተና እስካሁን አልተቻለም፤ ኦጋነሰን ከአንድ ሺኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይበተናል። በስሌት የሚሠሩት ሰዎች ከነአርጎን ሥር ተቀምጦ ሳለ ጋዝ ላይሆን ይችላል ይላሉ።